የጫካው እግረኛ

ከከሚሴ እስከማስተምርበት ትምህርት ቤት በሳይክል ነው የምሄደው። ሰው ሴት ሳይክል ስትነዳ አይቶ ይስቃል፤ ይሳቅ። አስፋልቱን ለአይሱዙዎቹ ትቼላቸዋለሁ፤ እኔ መኪና በማይገባበት በጫካው መንገድ ነኝ።

አጎቴ ኑርሁሴን፣ "ሪሀና፣ በዛ መንገድ ወንድ እንኳ ለብቻው አይሄድም፤ ተይ!" ይለኛል።

"ወላሂ አልተውም!" እለዋለሁ።

በኛ አገር በቅሎም ይሁን ሳይክል ላይ የተቀመጠ ሰው፣ እግረኛውን ቀድሞ ሰላም ይላል። ዛሬ ጠዋት ጫካው መግቢያ ላይ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ አገኘሁና "አሰላሙ አለይኩም" ብዬ አለፍኳቸው።

"ወአለይኩም ሰላም" አሉኝ።

ወንዙን ስሻገር እኒያው ሽማግሌ ከፊቴ ቀስ ብለው ይራመዳሉ። ሌላ መንገድ ደግሞ የለም። ሰላም ብያቸው አለፍኩ። ቁልቁለቱን በርሬ ወርጄ ታች ስደርስ፣ አሁንም ከፊቴ ናቸው።

ተናደድኩ። "ሊመልሱኝ ከሆነ አልመለስም!" አልኳቸው። እግረኛ ከሆንኩ ቀድሜ ሰላም ማለት አይጠበቅብኝም ብዬ ከሳይክሉ ወርጄ፣ እየገፋሁ፣ ሰላምም ሳልላቸው በአጠገባቸው አለፍኩ።

ጥቂት እንደሄድኩ ከኋላዬ የሳይክል ደወል ጮኸ።

"አሰላሙ አለይኩም፣ ልጄ።"

ዞር አልኩ። ሽማግሌው የኔው ሳይክል ላይ ተቀምጠው ይመጣሉ። እጄን አየሁት። ስገፋው የነበረው ሳይክል የለም፤ የያዝኩት ከዘራቸውን ነው።

ሰላምታቸውን አልመለስኩም። ሳይክሌን ሳይሰጡኝ እንዳያልፉ ከዘራውን አግድም ይዤ መሀል መንገዱ ላይ ቆምኩ።