የውሃ ሰው

ሸምሲያ ወደ መሪጌታ ዘርአጽዮን ቤት የመጣችው በ1970 ዓ.ም. በታኅሣሥ መጨረሻ ነው። መሪጌታ ከቦሌ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ በአንዲት ክፍል ይኖራሉ። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር የጣሪያው ቆርቆሮ ስለሚንቀጠቀጥ ንግግራቸውን አቋርጠው እስኪያልፍ ይጠብቃሉ። ሰባ ዓመት ሞልቷቸዋል። ከሁሉም የሰለቻቸው መጠበቅ ነው።

«ልጄ ታስሯል» አለች ሸምሲያ። «ሰይድ ይባላል። ባለፈው ሳምንት በእስር ቤቱ በር ቀዳዳ አየሁት፤ ያስላል።»

«እኔ እስረኛ አላስፈታም።»

«አስፈቱልኝ አላልኩም። ስንቅ እወስድለታለሁ። ምን ባበላው እንደሚሻለው ይንገሩኝ።»

ከዚህ ሌላ ልታደርግለት የምትችለው ነገር አልነበረም። በዚያ ዓመት አንድ ነገር ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር። ዘቡ ስንቁን እስከተቀበለ ድረስ እስረኛው አለ። «ከእንግዲህ አታምጪ» ያለ ቀን ግን እስረኛው የለም።

መሪጌታ ሰው ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውሃና ከመሬት እንደተሠራ፣ አንዱ ሲያይል ሌላው እንደሚታመም ያምናሉ። የሚያይለውን ለማወቅ የሰውየውንና የእናቱን ስም ፊደል በመጽሐፋቸው መቁጠር ይበቃቸዋል።

«መጽሐፍዎ እስላም ይቆጥራል፣ የኔታ?»

«ፊደል ሃይማኖት የለውም። እናቱ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ» አለች፣ ሻሿን እያስተካከለች።

ፊደሎቹን ቆጠሩ፣ ደመሩ፣ በአሥራ ሁለት ገድፈው የተረፈውን አዩ።

«ኮከቡ ውሃ ነው። ዝምተኛ፣ ብርድ የሚፈራ። ተሳሳትኩ?»

«ፀሐይ ላይ ጋቢ ይደርባል። ሚጥሚጣ ከሌለ እህል አይወርድለትም።»

«ብርዱን እያባረረ ነዋ። ዝንጅብል አብዢለት። ነጭ ሽንኩርት፣ የበግ ሥጋ። ሙቀት ነው የሚያኖረው።»

ስንቅ የሚገባው ሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ነበር። በሩ ላይ የሚቀበላት ማሞ የሚባል ወፍራም አብዮት ጥበቃ ነው። ሲያናግራት ደረቱን በመዳፉ የማሸት ልማድ አለው እንጂ ክፉ ቃል አይወጣውም። በጥር መጀመሪያ እስረኞቹ ወደ ውስጠኛው ክፍል እንደተዛወሩ፣ ከእንግዲህ በዓይን ማየት እንደማይቻል ነገራት።

«ግን የሚፈልገውን በወረቀት ይጽፍልሻል፣ እናቴ» አላት።

እሷም መረቀችው።

ሸምሲያ ማንበብ አትችልም። የመጀመሪያውን ወረቀት ከምሳ ዕቃው ጋር ይዛ መሪጌታ ዘንድ መጣች። ወረቀቱ «ሥጋ አይምጣ። ቅመሙም ይቀነስ፤ ደረቴን እያቃጠለኝ ነው» ይላል።

«ሥጋውን እንዳለ መለሰው» አለች። «ለሥጋ ነፍሱን የሚሰጥ ልጅ።»

መሪጌታ ክዳኑን ከፍተው ሥጋውን አዩት፣ እሷንም አዩ።

«ሐሞት ተነሥቶበታል። ሥጋ ሲሸተው የሚያስጠላው ለዚህ ነው። ይህ የእሳት ሰው ሕመም ነው፤ የውሃ ሰው ደረቱ አይቃጠልም። የእናቱን ስም ዋሽተሽኛል።»

አውሮፕላን አለፈ። ሁለቱም ጠበቁ።

«የወለደችው እህቴ ናት» አለች፣ ድምፁ ሲርቅ። «ፈዲላ። ወሎ እያለን በአራስነቷ ሞተች። እሱ አያውቅም። አሁን እርስዎ አወቁ።»

በፈዲላ ስም ቆጠሩ። ውሃ። ደግመው ቆጠሩ። ውሃ።

«ወይ እኔ ጃጅቻለሁ፣ ወይ አንቺ አሁንም እየዋሸሽ ነው።»

«በሞተች እህቴ አልዋሽም።»

መሪጌታ አርባ ዓመት የቆጠሩበትን መጽሐፍ ዘጉት።

«እንግዲያው ስሙን ትተን ሕመሙን እንመን። ለእሳት የሚሆነውን ውሰጂለት። ተልባ፣ በሶ፣ ወተት።»

«ተልባ ከልጅነቱ ጀምሮ ይጠላል።»

«የታሰረ ሰው አይመርጥም።»

እውነትም አልመረጠም። የምሳ ዕቃው የታጠበ ይመስል ተጠርጎ ይመለስ ጀመር። «ተልባው ተስማምቶኛል፤ ይጨመር» አለ አንዱ ወረቀት። የሚቀጥለው «ወተቱ ጥሩ ነው፤ ሌሊት እተኛለሁ» አለ። ከሸምሲያ ቤት ወተት ጠፋ፤ ሻይዋን ባዶውን እየጠጣች ከስታለች፤ ግን ትስቃለች። ማሞም በሩ ላይ እጁን ኪሱ ከትቶ እያፏጨ ይቀበላታል።

መሪጌታ ግን አልተዋጠላቸውም። ማታ ማታ የማያውቋቸውን የሴት ስሞች ከሰይድ ስም ጋር እየደመሩ እሳት የሚሆነውን ይፈልጋሉ። ልጁን ከመንገድ አንሥታው ይሆናል ብለው ጠረጠሩ። ከሰው ወስዳው ይሆናል ብለውም ጠረጠሩ። የምታለቅስ ሴት ብዙ አይተዋል፤ ከሚያለቅሱት ውስጥ ዋሾው ይበዛል።

በየካቲት መጨረሻ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሸምሲያ መጣች። ጎረቤቱ ሁሉ ቅበላውን ይዞ ጥብሱ ሰፈሩን ያውደዋል። መሪጌታ በራቸው ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ዳነልኝ፣ የኔታ። መጽሐፍዎን ማሩት፣ አርጅቶ ነው።»

«እኔም አርጅቻለሁ፤ የሚምረኝ አላገኘሁም። እውነቱን ንገሪኝና ልረፍ፤ ይህ ልጅ የማነው?»

«የፈዲላ ነው አልኩዎ። ሲፈታ ለእሱም እነግረዋለሁ፤ ቆርጫለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ተሸከምኩት፣ ደከመኝ። ይቆጣ እንደሆን ይቆጣ።»

«የውሃ ሰው ቢሆን አይቆጣም ነበር» አሉ መሪጌታ።

ሸምሲያ ሳቀችና ከመቀነቷ ወረቀት ፈትታ ሰጠቻቸው። «ማሞ አሁን ነው የሰጠኝ። እስቲ ምን አማረው?»

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። አውሮፕላን አልነበረም፤ መሪጌታ ግን ጠበቁ።

«ምን ይላል፣ የኔታ?»

ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ «ከሰኞ ጀምሮ ወተት አይምጣ፤ ሁዳዴ ይገባል።»