አዬዮ ዋርሳን ያሳደረቻቸው

ናስቲሆ ከቤተሰቧ አሮጌ ቤት የተነቀለውን ቆርቆሮ ጋሪ ላይ እያስጫነች ሳለ አንድ ባጃጅ በሩ ላይ ቆመ። ሾፌሩ ዋይስ ነው፤ እዚሁ ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር አብሯት ያደገ፣ አሁን ጸጉሩ የሸበተ። ከኋላ የወረደችው ረጅም ጥቁር ሴት ግን እንግዳ ናት። ወደ ግቢው ገባ ብላ በከፊል የፈረሰውን ቤት እያየች ቆመች።

«ከአሜሪካ ነው የመጣችው» አለ ዋይስ። ዋይስ እንዳስረዳት፣ የእንግዳዋ ጥቁር አሜሪካዊ አያት ከጣሊያን ወረራ በፊት ሊያስተምር ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ፣ የጅቡቲው ባቡር ድሬዳዋ ያድር ስለነበር ማደሪያ ፈልጎ ነበር። ፈረንጆች የያዟቸው ሆቴሎች ጥቁር አናሳድርም ብለው መለሱት። አልጋ የሰጠችው አንዲት የመጋላ ሶማሌ ናት። ከዚያ ወዲህ አንዱ ለሌላው እየነገረ፣ በዚህ ያለፈ ጥቁር አሜሪካዊ ሁሉ እሷ ቤት ያድር ነበር።

አልጋ የሰጠችውን ሴት ናስቲሆ ታውቃታለች። የገዛ አያቷ፣ አዬዮ ዋርሳን ናት፤ ቤቱም ይኸው የሚፈርሰው ነው። አዬዮ ስለ እንግዶቿ ስታወራ ናስቲሆ ገና ልጅ ነበረች፣ ልቧም ጨዋታ ላይ ነበር፤ የአንዳቸውንም ስም አልያዘችም። ወንድሟ ኻሊፍ አፍርሰን ፎቅ እንሥራ ሲላትም፣ ትዝ ያላት የሚያፈሰው ጣሪያ ብቻ ነበር።

እንግዳዋ በዋይስ በኩል ጠየቀች፤ አያቷ የተኛበት ክፍል የትኛው ነው?

ክፍሉ የፈረሰው ትናንት ነው። እንግዳዋ የቆመችው ነጭ ኖራ ተቀብቶ በነበረው ግድግዳው ፍርስራሽ ላይ ነው።

ናስቲሆ ፈርሷል ልትል ነበር። የሴትዮዋን ጉጉት የሞላበት ፊት ስታይ ግን ተወችው። እጇ ገና ወዳልፈረሰው የከሰል ማስቀመጫ ክፍል ተዘረጋ።

«እዚያ ነው በላት።»

ዋይስ ቀና ብሎ አያት። የትኛው ክፍል የቱ ጋ እንደነበር እሱም ያውቃል። ከዚያ ወደ እንግዳዋ ዞሮ ተረጎመላት።

እንግዳዋ ገባች። በጥላሸት የጠቆረውን ግድግዳ በመዳፏ ስትዳስስ፣ ግንባሯን አስደግፋው ስትቆም ናስቲሆ ከውጭ አየቻት። ቤቱን የሚያፈርሱት ሠራተኞች ዶማቸውን አስቀምጠው ጠበቁ። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ናስቲሆን አቅፋ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር አለቻት።

«ምን አለች?» ስትል ናስቲሆ ዋይስን ጠየቀችው።

«ይህን ክፍል ስላቆያችሁልኝ አላህ ይስጣችሁ ነው የምትለው» አለ ዋይስ፣ መሬት መሬት እያየ።

ናስቲሆ እውነቱን እንዲነግርላት ልትለምነው ፈለገች። እንግዳዋ ግን ባጃጁ ጋ ደርሳለች። ከመግባቷ በፊት ጎንበስ አለችና፣ ጫማዋ ላይ የተጣበቀውን ነጭ የኖራ ብናኝ በመሐረብ ጠርጋ አራገፈችው።