በቡጢ የተመለሰው ሃያ ሺህ ዶላር

የመጀመሪያው ቡጢ አፋቸው ላይ አረፈ...

ሁለተኛው ዓይናቸው ስር...

ሦስተኛውን አልቆጠሩትም። አስፋልቱ ላይ ተዘርረዋል።

«ሌባ! ሃያ ሺህ ዶላሬን አምጣ!»

የአሜሪካዋ አሌክሳንድርያ፣ ላንድማርክ ሰፈር፣ የአንድ አፓርታማ ፓርኪንግ... ኦክቶበር 2008፣ በጠራራ ፀሐይ።

ተደብዳቢው ጋሼ ልሳነወርቅ ናቸው። ሲልቨር ስፕሪንግ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ካሸር የሆኑ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው።

ደብዳቢው በፈቃዱ፣ ታክሲ ነጂ። ትናንት «ጋሼ፣ አንቱ እኮ አባቴ ነዎት» ሲል የነበረ ሰው ዛሬ አንቱታውንም ረስቶታል።

ነገሩ የተጀመረው ከአንድ ዓመት በፊት ነው...

«ስማ በፈቃዱ» አሉት ጋሼ። «አክሲዮን ያለው ሰው ዋጋው ይወድቅብኛል ብሎ ይፈራል። እኔ ደግሞ ‹አይዞህ፣ ቢወድቅም በአርባ ዶላር እገዛዋለሁ› ብዬ ቃሌን እሸጥለታለሁ። ፑት መሸጥ ማለት ይሄው ነው። ለቃሌ ይከፍለኛል።»

«ካልወደቀስ?»

«የከፈለኝን ይዤ እቀራለሁ።»

«ገዢ ቀብድ የሚቀበልበት አገር!» በፈቃዱ በሳቅ ፈረሰ።

«ከወደቀ ግን መግዛት ግዴታችን ነው። ለዚህ ነው ልይዘው የምፈልገውን አክሲዮን ብቻ የምመርጠው። ለአምስት ዓመት የማትፈልገው ብር ካለህ ብቻ አምጣ።»

«እሺ ጋሼ!»

እሺ ማለት ምን ይከብዳል? ሃያ ሺህ ዶላሩን አምጥቶ አስረከባቸው።

በየወሩ ሦስት መቶ ዶላር ሲገባ ጋሼ ሊቅ ነበሩ...

ገበያው ሲናድ በቃላቸው መሠረት አክሲዮኑን በአርባ ገዙት። ዋጋው ወርዶ ወርዶ አስራ ስምንት ገባ። ሃያ ሺው ዘጠኝ ሺህ ሆነ።

«ከሸጥነው ነው የምንከስረው፤ ታገስ» ሲሉት ነው ቡጢው የመጣው።

የበፈቃዱ እህት ውቢት ከፎቅ ሮጣ ወርዳ መሃል ገባች። እሷንም በጥፊ አጮላት። ጭንቅላቷ ከመኪና በር ጋር ተላተመ።

ለእሷ አዲስ አልነበረም። አብራው መኖር ከጀመረች ወዲህ «ወጡ ጨው በዛበት» ብሎም ደብድቧታል።

ፖሊስ መጣ። ጋሼ ደም እየተፉ «ወድቄ ነው» አሉ።

ይሄ የኛ ሰው ገበና መሸፈን እኔን እንዴት እንደሚያናድደኝ!

በሦስተኛው ቀን ከንፈራቸው ተሰፍቶ የሃያ ሺህ ዶላር ቼክ አስረከቡት።

«አክሲዮኑ ግን ከእንግዲህ ያንተ አይደለም። ፈርም» አሉት።

እየሳቀ ፈረመ።

ለዓመታት በየሄደበት «ሀበሻ ያለ ዱላ አይከፍልም!» እያለ አወራ። ቤት ሲገባ ደግሞ ዱላው ውቢት ላይ ነበር...

በ2014 ውቢት ሻንጣዋን ይዛ ጠፋች። ግሪንቤልት ከተማ ኮንዶሚኒየም ገዛች። በካሽ!

በፈቃዱ ሲሰማ አበደ። ሄዶ በሯን በእርግጫ ገነጠለው።

«አንቺ የሆስፒታል ጽዳት! ማነው የገዛልሽ?!»

ክንዷን ጠምዝዞ ግድግዳ ላይ አላተማት።

አፍንጫዋ እየደማ ቀና ብላ አየችው።

«አንተ ነህ የገዛህልኝ» አለችው።

«ምን?!»

«ያኔ ጋሼ ሰባራ ሳንቲም አልነበራቸውም። የራሳቸውም ብር እዚያው አክሲዮን ውስጥ ነበር። ካንተ ልወጣበት ደብቄ ያጠራቀምኩትን ሃያ ሺህ ሰጠኋቸው። ሰው ገድለህ እስር ቤት ከምትገባ ብዬ! ‹እንግዲያው አክሲዮኑ ያንቺ ነው› ብለው በስሜ አዞሩት። ሰማንያ ሺህ ሲገባ ሸጥኩትና ይሄን ቤት ገዛሁበት...»

እጁ ላላ።

ግን ምን ቢል ጥሩ ነው? «እንግዲያው ግማሹ የኔ ነው!»

ጎረቤት ፖሊስ ጠርቶ ነበር። «ማነው የመታሽ?» ሲሏት ውቢት በጣቷ ጠቆመችው። በካቴና ወሰዱት።

ወገኖቼ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል... በፈቃዱ ግን የሚለቅመውም አልተረፈውም። ዱላ የሰጠኸውን ያስመልስልህ ይሆናል፤ ሊመጣልህ የነበረውን ግን ለሌላ አሳልፎ ይሰጥብሃል።

ደግሞ ይሄን አንብባችሁ ነገ ቁጠባችሁን ይዛችሁ እንዳትሮጡ! ወድቆ የማይነሳ አክሲዮን ሞልቷል። የዚህንም ስም በኢንቦክስ አትጠይቁኝ።

በፈቃዱ ከእስር ወጥቶ «ድርሻዬን ትስጠኝ» ብሎ ሽማግሌ ልኮባታል።

እናንተ ውቢትን ብትሆኑ ለሽማግሌዎቹ በር ትከፍታላችሁ? ኮመንት ላይ እጠብቃችኋለሁ...