በዱጋሳ መቅኒ ውስጥ የተገኘው ብርጭቆ

ዱጋሳ ከየካ ኮረብታ ሥር ካለ ኩሬ ሞቶ ወጣ። ዓመቱ ፲፱፻፶፭ ነው፤ ክረምቱ ገና አላለቀም።

የተያዘው ጎረቤቱ ኢዶሳ ነው። ሁለቱ በባሕር ዛፍ ድንበር ሦስት ዓመት ተካሰዋል።

«ዛፍ ስቆርጥ ወደቀበትና እዚያው ሞተ» አለ ኢዶሳ። «ጠበኛው ስለሆንኩ ማንም አያምነኝም ብዬ ሬሳውን ኩሬ ጣልኩት።»

ፍርድ ቤት ደጅ የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። «እንግዲያ ዛፉን ይስቀሉታ» አለ አንዱ።

ዳኛው ግን አንድ ነገር ማወቅ ፈለጉ። ዱጋሳ ኩሬ የገባው ሞቶ ነው ወይስ ከነሕይወቱ? ሞቶ ከሆነ ኢዶሳን እስራት፣ ከነሕይወቱ ከሆነ ስቅላት ይጠብቀዋል።

ጥያቄው ሆስፒታል፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ለሚሠራው ለአካሉ ደረሰ። አካሉ ብቻውን መጽሐፍ አንብቦ የተማረ ጠንቃቃ ሰው ነበር። ዕቃውን ሦስት ሦስት ጊዜ ሳይፈትግ ሥራ አይጀምርም።

ምርመራው እንዲህ ነው። በውሃ ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች አሉ። እንደ ሣር በፀሐይ ብርሃን ይኖራሉ፤ ቤታቸውን ግን ከብርጭቆ ይሠራሉ። ሲሞቱ ሥጋቸው ይጠፋል፣ የብርጭቆው ዛጎል ሚሊዮን ዓመት ይቆያል። ሰው ከነሕይወቱ ከሰጠመ ታዲያ ውሃውን ይስባል፤ ልቡ ይመታልና ደሙ ዛጎሎቹን እስከ አጥንቱ መቅኒ ያደርሳቸዋል። የሬሳ ልብ አይመታም፤ መቅኒው ንጹሕ ይሆናል።

አካሉ የዱጋሳን መቅኒ በአሲድ ቀቅሎ በማይክሮስኮፕ አየ። ክብ ክብ፣ እንደ ወንፊት የተበሳሱ ዛጎሎች ሞልተውበታል።

«እርግጠኛ ነህ ወይ?» አሉት ዳኛው።

«ክቡር ዳኛ፣ ዕቃውን እንደ እኔ የሚያጠራ የለም።»

የኢዶሳ ሚስት ኢፍቱ ደጅ ላይ ጠበቀችው። «ጌታዬ፣ ባሌ ጠብ ይወዳል፤ ውሸት ግን አይችልበትም። አንድ ጊዜ ብቻ ደግመው ይዩልኝ።»

አሳዘነችው። ዕቃውን ከቀድሞው አብልጦ ፈትጎ፣ ከቀረው መቅኒ እንደገና ቀቀለ። ዛጎሎቹን ጭራሽ በዝተው አገኛቸው።

«ምን ላድርግ እህቴ፣ ብርጭቆ አይዋሽም» አላት።

ኢዶሳ በጥር ተሰቀለ። ኢፍቱ ከሰፈሩ አፍ ሸሽታ ወላጆቿ ዘንድ ገባች። ባሕር ዛፉን የዱጋሳ ወንድሞች ቆረጡት።

በዓመቱ ተክለጻድቅ የሚባል፣ ምጽዋ የባሕር ፍጥረት ያጠና መምህር ሆስፒታሉን ሊያይ መጣ። አካሉ ያቆየውን የመቅኒ ናሙና በኩራት አሳየው።

«ይኼን ከየት አመጡት?»

«የካ ኩሬ ከሰጠመ ሰው።»

«አይሆንም። የኩሬ አልጌዎች የእነዚህ ዘመዶች ናቸው፣ ግን ከተለያዩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ መልካቸውም ሌላ ነው። ይኼ ዓይነቱ ጨዋማ ውሃ ካልሆነ አይኖርም።» መምህሩ ጠረጴዛው ላይ ወደተደረደረው ዕቃ ዞረ። «ዕቃዎን በምንድን ነው የሚፈትጉት?»

«ከውጭ በሚመጣ ነጭ ዱቄት።»

«እሱማ ከጥንት ባሕር ወለል የተቆፈረ የእነዚሁ አልጌዎች ዛጎል ነው።»