አርባ ኮሌታ

ኮሌታ ሰፊዋ አርባ የሸሚዝ ኮሌታ ገልብጣ ሰፍታለች። አርባ! የገባት ደግሞ ተቆጣጣሪው ሁለት የስፌት መኪና ብቻ ቀርቶት ወደ እሷ ሲመጣ ነው። በፋብሪካው በር ላይ የተለጠፈው ደንብ ቀልድ አያውቅም፤ ያረፈደ ይባረራል፣ ጨርቅ ያበላሸ ይባረራል፣ ከአንድ ቤት ሁለት ሰው አይቀጠርም፣ በሥራ ሰዓት ስልክ ክልክል ነው።

ምን ታድርግ? ዐይኗን ጨፍና ከወንበሯ ዘፍ አለች።

መውደቁስ ባልከፋ። የከፋው ስትነሳ ነው። ተቆጣጣሪው “ምን ነካሽ? ምን በላሽ? ምን ጠጣሽ?” እያለ አዋከባት።

“ውሃ” አለች። “ቁልፍ የሚተክሉት ሴትዮ ውሃ ሰጥተውኝ ነበር።”

ይህ እንኳ እውነት ነው። አሮጊቷ ጠዋት አረንጓዴ ጨርቅ ከለበሰች ኮዳዋ አጠጥታታለች። የቀረውን ወሬው ራሱ ጨረሰው። ምሳ ሳይደርስ እጅጌ ሰፊዋ ወደቀች፤ ከሰዓት ሁለት ልብስ ተኳሾች ተከተሏት። እነሱ የምራቸውን ነበር፤ ፍርሃት ጣላቸው። ከኮዳዋ ጠብታ ያልቀመሱት ሁሉ ሆዳቸውን ይዘው “ሴትዮዋ ብቻዋን ታወራለች እኮ!” ይሉ ጀመር። ወይ ጉድ! ሃያ ዓመት ሙሉ ቁልፍ ስትቆጥር ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ የት ነበሩ?

ከሥራ መውጫ በፊት አሮጊቷን ቢሮ አስገቧት። ኮሌታ ሰፊዋም ለምስክርነት ቆማለች፤ ዐይኗ ከወለሉ አልተነሳም።

“ውሃው ውስጥ አንድ ነገር ጨምሬያለሁ ብለሽ ፈርሚ” አለ ሥራ አስኪያጁ። ሲቆጣ አንቱታውን ይረሳል። “ይቅር ብለን ወደ ሥራሽ እንመልስሻለን። እምቢ ካልሽ ዛሬውኑ ትሰናበቻለሽ።”

“ይሄ እጅ ያልሠራውን ሠራሁ ብሎ አይፈርምም።”

“ታዲያ ልጅቷ ምን ቂም ኖሯት ትወነጅልሻለች? ትተዋወቃላችሁ?”

“ከዚህ አዳራሽ ውጪ የት አውቃታለሁ?” አለች አሮጊቷ በጥድፊያ። “ልጅ ናት፤ ደንግጣ ይሆናል። እሷን ይተዉዋት።”

“አንቺስ?” ብሎ ወደ ኮሌታ ሰፊዋ ዞረ።

“አላውቃቸውም” አለች።

ድምጿ ራሷንም አስጠላት። “ሆን ብዬ ነው የወደቅኩት” ቢሉት የሚያልቅ ነገር ነበር። እሷ ግን የቀረበላትን የምስክርነት ቃል ፈረመች። አሮጊቷ መቀሷንና ኮዳዋን ይዛ በአዳራሹ ስታልፍ ቀና ብሎ ያያት ሰው የለም።

ኮሌታ ሰፊዋ ወደ መኪናዋ ተመለሰች። አርባዎቹ ኮሌታዎች በሥርዓት ተተርትረው ተደርድረዋል፤ የተፈታው ክር እንኳ ተጠቅልሎ ዳር ተቀምጧል። ሌላው ሰው የወደቁትን ከቦ ሲንጫጫ አንድ ሰው ዝም ብሎ ሲሠራ ነበር ማለት ነው። የማን እጅ እንደሆነ አወቀች። እያለቀሰች መልሳ ሰፋቻቸው።

ስትወጣ መንገዱን ሆን ብላ አስረዘመችው። እፍረቱ ጉንጯን ይፈጃታል፤ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ሰፈሩን ሁለቴ ዞራ፣ መሄጃ ስታጣ፣ የቤታቸውን በር ገፋ አደረገች።

“መጣሽ?” አለቻት እናቷ፣ አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰች ኮዳዋን እያጠበች።