የኒውላንዱ ሱቅ ባለቤት

የፈረጅ አያት አወድ ከየመን ተነስቶ፣ በሱዳን በኩል የባሮን ወንዝ በእንፋሎት ጀልባ ሽቅብ ወጥቶ ጋምቤላ ሲደርስ የያዘው አንድ ጆንያ ጨው ነበር ይባላል። ፈረጅ ሲያወራው ጨው ሁለት ጆንያ ይሆናል፤ እንግዳ ካለ ደግሞ ሦስት። የሆነ ሆኖ ጨው ሱቅ ሆነ። ሱቁም ከአወድ ወደ ልጁ ወደ ሳልህ፣ ከሳልህ ወደ ፈረጅ ተላለፈ። ከተማው መሃል፣ ገበያው አጠገብ ያለውን ይህን የቆርቆሮ ቤት ሰው ዛሬም "አረብ ቤት" ይለዋል፤ ፈረጅ ግን ከአረብኛ የሚያውቀው ሰላምታና ስድብ ብቻ ነው።

ከጨው ጋር አንድ ሕግም አብሮ መጥቷል፦ ሴት ከባንኮኒው ጀርባ ከቆመች በረካ ይሸሻል። አወድ ይህን ከየት እንዳመጣው የሚያውቅ የለም። በዚህ የተነሳ የፈረጅ እናት ሐጃ ፈትሂያ አርባ ዓመት ሙሉ በር ላይ ወንበር አውጥተው ተቀመጡ። እዚያው ሆነው ኑዌርኛም አኙዋክኛም ለመዱ፤ የማን ሚስት ምን ዓይነት ዶቃ እንደምትወድ አወቁ፤ ለባላቸው ሹክ አሉ። ባላቸውም "እኔም እሱን እያሰብኩ ነበር" ይል ነበር።

የዛሬ ሁለት ዓመት ኒውላንድ በሚባለው ሰፈር አንድ አዲስ ሱቅ ተከፈተ። የምትሸጠው ኛኬር የምትባል ወጣት ናት። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ግን ፈረጅ ማንንም ቢጠይቅ የሚነግረው አላገኘም። ሱቁ በተከፈተ በስድስት ወሩ አረብ ቤት ባዶውን ቀረ።

ዓሣ አጥማጁ ያክ፣ አባቱም ራሱም ከዚህ ቤት ሌላ ሱቅ የማያውቁ ሰውዬ፣ አንድ ቀን ፌስታል አንጠልጥሎ በበሩ ሲያልፍ ፈረጅ ጠራው።

"ያክ፣ ምነው ዘጋኸኝ?"

"አንተ ጋ መንጠቆ ትልቅ ነው። እዚያ ትንሹ አለ። ደግሞ ቋንቋችንን ይሰማሉ።"

ፈረጅ ክው አለ። ትንሹን መንጠቆ ሊያስመጣ ካሰበ ወር ሆኖታል። ሐሳቡን የነገረው ደግሞ ለሁለት ሰው ብቻ ነው፤ ለእናቱና ለሚስቱ ለራሂማ። የነገራቸውም ለየብቻ ነው፤ ሁለቱ አይነጋገሩማ!

የተጣሉት በሾርባ ነው። የኒውላንዱ ሱቅ ከመከፈቱ በፊት በነበረው ረመዳን ሐጃ ፈትሂያ ሾርባው ጨው አነሰው አሉ፤ ራሂማ ያነሰው የእሳቸው ምላስ ነው አለች። ከዚያ ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም። ፈረጅ ሽማግሌ ቢልክ ሁለቱም በየተራ አባረሩበት። በመጨረሻ ለቤቱ ሰላም ሲል ሥርዓት አበጀ። ከሰዓት በኋላ ሐጃ እህታቸው ቤት፣ ራሂማ ደግሞ ወንድሟ ሙስዓብ ቤት ይውላሉ። መንገድ ላይ እንዳይገጣጠሙ ሁለት ባጃጅ ለየብቻ የሚጠራው ራሱ ፈረጅ ነው። በዚህ ዘዴው በጣም ይኮራል።

"ኡሚ፣ ምስጢሬን የሚያወጣብኝ ማነው?" አላቸው እናቱን።

"ሚስትህ ዕለት ዕለት ወንድሟ ቤት ምን ትሠራለች? ሙስዓብ ነጋዴ አይደል እንዴ?" አሉት።

ራሂማን ሲጠይቃት ደግሞ ዓይኗን አጉረጠረጠች። "እናትህን ጠይቅ። እኒያ ሴትዮ ለእህታቸው ልጆች ሲሉ የማያደርጉት የለም።"

ቢሆንም ምክራቸውን መስማት አልተወም። ባለቀለም የፕላስቲክ ጆግ ላምጣ ሲል እናቱ "ማን ይገዛሃል?" አሉት፤ ተወው። በሳምንቱ ኒውላንድ በጆግ ተጥለቀለቀ። ራሂማ "ዓርብ ቀኑን ሙሉ ዝጋ፣ አላህ ያይልሃል" አለችው፤ ዘጋ። አላህ አይቶለት ይሆናል፤ ደንበኞቹ ግን ኒውላንድ ዋሉ።

ቢያስብ ቢያስብ ጣቱ ሙስዓብ ላይ አረፈ። ቤቱ ድረስ ሄዶ አፋጠጠው።

"ወላሂ እኔ የለሁበትም!" አለ ሙስዓብ። "ራሂማንም ካየኋት ስንት ጊዜዬ! ደህና ናት?"

ፈረጅ ሳቀ። በየቀኑ በገዛ እጁ ባጃጅ ላይ የሚያሳፍራትን ሴት "አላየኋትም" ይለዋል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? ውሸታሙን ሰውዬ ረግሞት ወጣ።

መራገሙ ግን ገዢ አልመለሰም። አንድ ሰኞ ከጠዋት እስከ ቀትር ቆሞ የሸጠው አንዲት ክብሪት ነበረች። ያቺን የገዛችውም ሴት መንገድ ጠፍቷት የገባች ነበረች። ፈረጅ ባንኮኒው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። አያቱ ያቀናው፣ አባቱ ያቆየው ቤት በእሱ እጅ መሞቱ አሳፈረው፤ ከመክሰሩ ይልቅ ያንገበገበው ይሄ ነው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ሱቁን ለዚያው ለኒውላንዱ ሰውዬ ሊሸጥለት ቆረጠ። የሚለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስሙ እንዳይነሳ።

በሩን ዘግቶ ሲወጣ የዕለቱን ሁለት ባጃጅ መጥራቱንም ረሳው።

የኒውላንዱ ሱቅ በሰው ተጨናንቋል። ዶቃ የሚመርጡ፣ ጆግ የሚያገላብጡ፣ በኑዌርኛ የሚከራከሩ። ፈረጅ ተጋፍቶ ገባ።

"ባለቤቱን ፈልጌ ነበር" አላት ኛኬርን።

"ቁጭ በል፣ ጋሼ። በዚህ ሰዓት ነው የሚመጡት።"

"ሙስዓብ ነው አይደል?"

"ሙስዓብ ማነው?"

ፈረጅ እንዳልሰማ ሆኖ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ልመናውንም ስድቡንም አዘጋጀ፤ እንደ ሰውዬው ሁኔታ አንዱን ይጠቀማል። ብዙም ሳይቆይ አንድ ባጃጅ አቧራ እያስነሳ መጥቶ ደጁ ላይ ቆመ።

"ይኸው፣ ባለቤቶቹ መጡ" አለች ኛኬር ከመቀመጫዋ እየተነሳች።

መጀመሪያ የወረደችው ራሂማ ነበረች፤ ሳቋን ሳትጨርስ ዞር ብላ እጇን ለሐጃ ፈትሂያ ዘረጋችና፣ "ቀስ በይ ኡሚዬ" አለቻቸው።