የቅዳሜ ቀለም

የሰፈራችንን ረጅም ግንብ በየቅዳሜው በመዳፋችን አሻራ እንሞላለን፤ አንዱን ቅዳሜ በቢጫ፣ ሌላውን በቀይ። ሐሳቡን ያመጡት የእድራችን ጸሐፊ እትዬ ታንጉት ናቸው። «የአእምሮ ሕመምም እንደ ማንኛውም ሕመም ነው፤ የታመመ ሰው አትደብቁ» እያሉ ቤት ለቤት ዞረው ለምነዋል።

እኔ ወንድሜን ይዤ ለመውጣት ሳምንታት አቅማማሁ። «ሰው ምን ይለኛል?» ብላቸው ተቆጡኝ። «ሰው ይልመዳ! አንቺ እህቱ ካፈርሽበት ማን ያከብረዋል?»

ዛሬ ወንድሜ መዳፉን ሰማያዊ ቀለም ውስጥ ነክሮ ከእሳቸው አሻራ ጎን አሳረፈ። ሰፈርተኛው አጨበጨበ። እትዬ ታንጉት ዐይናቸው እንባ ሞላ፤ እጃቸውን እንኳን ሳይታጠቡ ወደ ቤታቸው ገሰገሱ። ነጠላቸውንም ረሱት።

ነጠላውን ይዤ ተከተልኳቸው። የግቢው በር ገርበብ ብሏል። ጓሮ ያለችውን ክፍል ሊከፍቱ ሲታገሉ ደረስኩባቸው፤ ሲያዩኝ እጃቸውን ከቁልፉ ላይ አነሱ።

ትልቅ ጓጉንቸር ነው። ቢጫ ቀለም ደርቆበታል፤ ቀይም ደርቆበታል። ሰማያዊው ገና እርጥብ ነው።

«ዕቃ ቤት ነው» አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው።

ከውስጥ አንድ የጎልማሳ ድምፅ፣ «እማዬ፣ ዛሬስ ምን ቀለም ነው?» አለ።